የጉድጓዱ ገመድ

ጨፋ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዓፊያ፣ ሻርጃ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። በሰው አገር አላህ ክብርሽን ይጠብቅልሽ፣ የእጅሽንም ሥራ ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። አልሐምዱሊላህ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ረቢአ ናት፤ ያቺ በእናንተ አገርና በኮምቦልቻ መካከል እየተመላለሰች ልብስ የምትነግደው። ስልክ ለምን አትይዝም ብለሽ ባለፈው ጽፈሽልኝ ነበር። በስልክ የተባለ ነገር ሲነጋ ባለቤት የለውም። ወረቀት ግን ቢዋሽም እውነት ቢናገርም ጸሐፊውን ይዞ ይኖራል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። ሚዛን የሚያነብልኝ ሰው ሁለት ጊዜ አታሎኝ ነበርና። በዚያ ዕድሜ የተማርኩትን አሁን በስልክ አልቀይረውም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዘንድሮ ማሾው አምሮ ነበር። ዝናቡ በልክ ዘነበ፣ ትሉም ራራልን። ልንሸጥ ስንወጣ ግን ነጋዴው የአምናውን ግማሽ ዋጋ ጠራ። ለምን ብንለው፣ ወደ ውጭ በሚወጣ ማሾ ላይ አዲስ ቀረጥ ተጥሏል፣ ውጭ አገርም ዋጋው ወድቋል አለን። ቀረጡ የተጣለው በላኪው ላይ ነው። ላኪው በነጋዴው ላይ ጣለው፤ ነጋዴው በእኛ ላይ ጣለው፤ እኛ የምንጥልበት አጣን። አቤት ልንል ከሚሴ ሦስት ጊዜ ሄድን። ሦስቴም ማመልከቻችንን ተቀብለው ሻይ ጋብዘው ሸኙን።

ስለዚህ ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ተሰብስበን ማልን። ቀረጡ እስኪነሳ ድረስ ከዚህ መንደር ማሾም ሆነ ማሽላ፣ ጤፍም ሆነ በቆሎ አስፋልቱን አይረግጥም። ማሾ ብቻ ብንይዝ ማን ይሰማናል? ከተሜ ማሾ ቢቀርበት አይራብም። ማሽላና ጤፍ ሲጠፋ ግን ይጮኻል፤ ከተሜ ሲጮኽ ሹም ይነቃል። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የማልኩትም እኔ ነኝ። ለቤቴ የሚበቃኝን በጎታ አስቀርቼ፣ የቀረውን ማሽላ ጉድጓድ ከትቼ፣ አፉን በጭቃና በእበት መረግሁት። "ወላሂ፣ ቀረጡ ሳይነሳ ከዚህ ጉድጓድ አንዲት ፍሬ አትወጣም" አልኩ። ሁሉም እንደኔ አደረገ።

ወደ ጉድጓዱ የምንወርድበትን ገመድ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ወገብሽን ታስረሽበት ወርደሻል። እሱን ገመድ ወስጄ የእኛ መንገድ ከአስፋልቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከግራር እስከ ግራር ወጠርኩት። ጎረቤቴ ጀሚል ይጠብቀዋል። እስካሁን ማንም አላለፈም።

ከአንቺ የምሻው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘብ አይደለም። እዚያ ገበያ ውጪና የማሾ ዋጋ በእርግጥ ወድቆ እንደሆነ በዓይንሽ እይ። ያየሽውን በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ በስብሰባ ላይ አነበዋለሁ።

እናትሽም እዚያ ባቲ ከተማ ደህና ናት ብዬ አምናለሁ።

አጎትሽ እንድሪስ

——

ሻርጃ፣ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለእንድሪስ፣ ጨፋ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርቱ፣ አጎቴ? ፈያዳ? ጉልበትዎን አላህ ያጽናልዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ልክ በሃያ ቀኑ ነው፤ ረቢአ አዲስ አበባ ላይ ዕቃዋ ተይዞባት ዘገየች። እኔ ደህና ነኝ። ያለሁበት ቤት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ ልብስ ከመተኮስ በቀር የሚያስመርር ሥራ የለብኝም።

እንዳዘዙኝ ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ገበያ ወጣሁ። አንድ የህንድ ባለሱቅ ዘንድ የአገራችን ስም የተጻፈበት ጆንያ አገኘሁ። እጄን ከትቼ ማሾውን ዘገንኩት። አጎቴ፣ በጨፋ ልጅነቴ ከአውድማ እለቅመው የነበረው እሱ ራሱ ነው የመሰለኝ፤ ባለሱቁ እስኪቆጣኝ ድረስ አልለቀቅኩትም። ዋጋውን ጠየቅኩት። ኪሎው ዘንድሮ ስምንት ድርሃም ነው፣ አምናም ስምንት ነበር አለኝ። ሌላ ሁለት ሱቅ ገብቼ ጠየቅኩ፤ ቃላቸው አንድ ነው። ውጭ አገር ዋጋው አልወደቀም። ይህን ያየሁት እኔ ዓፊያ ነኝ፤ የጻፍኩትም በእጄ ነው።

ግን ሌላም ነገር ብሎኛልና አልደብቅዎትም። "ከእናንተ አገር የሚመጣው ዘንድሮ ዘገየብኝ፤ ከሌላ አገር እያስመጣሁ ነው" ብሎኛል። ይህንንም ቢያነቡላቸው ጥሩ ነው።

አጎቴ፣ አሁን የራሴን ጉዳይ ላንሳ። እማማን ሳወራት ድምጿ ቀጥኗል። ብር ልኬላት ነበር። "ብሩ ደርሶኛል፣ ብር ግን አይፈጭም" አለችኝ። ባቲ ሰኞ ገበያ ማሽላ የሚባል የለም አለችኝ። ከቆላ የወጡት አፋሮች ፍየላቸውን ይዘው መጥተው፣ የሚለውጡበት እህል አጥተው ፍየላቸውን ይዘው ተመለሱ። ከሱቅ የምትገዛው የስንዴ ዱቄት ለእሷና ለልጄ ለሚስራ ሳምንት አይደርስም። የባቲ እህል የሚመጣው ከእናንተ መሆኑን እዚህ ሆኜ ነው ያወቅኩት።

አንድ ጆንያ ማሽላ ቢልኩላት። ዋጋውን እኔ እልካለሁ። ሮመዳን እየመጣ ነው፤ የሰባ ዓመት ሴት ናት፤ ጾሙንም አትተውም።

የአላህ ጥበቃ አይለይዎ።

ልጅዎ ዓፊያ

——

ጨፋ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓፊያ

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤሽ ገባ። አላህ የዓይንሽን ብርሃን ያቆይልሽ፤ እንደ ሰው የጻፍሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ጁምዓ ዕለት ቆሜ አነበብኩት። ሁለቴ አስደገሙኝ። ስምንት ድርሃም የሚለው ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ አጉረመረመ። የህንዱን ነገርም አልዘለልኩትም። በሦስተኛው ቀን ሹሞች በመኪና መጡ። መጀመሪያ ገመዱን ፍቱ፣ ከዚያ እንነጋገራለን አሉ። መጀመሪያ ቀረጡን ፍቱ አልኳቸው። አንደኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጆንያውን በተመለከተ አልልክም። ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔ ልንገርሽ። ዑሙልኸይር የምትባል መበለት አለች፤ ታውቂያታለሽ፣ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው። ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ለተዳረች ልጇ ግማሽ ጆንያ ማሽላ በአህያ ጭና መጣች። ጀሚል አላሳልፍም አላት። "የምሸጠው አይደለም፣ ልጄ አርግዛ ነው" አለችው። ጀሚል ወደ እኔ ላከ፤ ሄድኩ። አህያዋን አዙሬ መለስኳት። አፍ አውጥታ አልሰደበችኝም፤ ጭነቱን ብቻ አጥብቃ አስራ ተመለሰች። እንግዲህ የእሷን መልሼ የእህቴን ላሳልፍ? ገመድ ለአንዱ ከላላ ለሁሉም ላልቷል።

ዋጋውን እልካለሁ ያልሽውን ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። እህቴ ከእኔ እህል ገዝታ አታውቅም።

ቤቴ ግን አልተዘጋም። እናትሽ ሚስራን ይዛ ትምጣ። በጎታው ያለው ለሦስታችን ይበቃል። መምጣት ካልፈለገች የእሷ ግትርነት ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

ለቤቱ ሰዎች ሰላም በይልኝ።

እንድሪስ

——

ሻርጃ፣ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ረቢአ ነገ ስለምትሄድ አሳጥራለሁ።

ወደ እርስዎ እንድትሄድ እማማን ለመንኳት። "እንድሪስ ቤት ለመኖር ሳይሆን እህል ለመብላት ሄደች ከምባል እዚሁ እቀመጣለሁ" አለች። ግትርነቷን ከየት እንዳመጣችው እርስዎ ያውቃሉ። ፍየሏን ሸጣለች። ሚስራ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንደ ድሮው ምግብ ፈልጋ "ምን አለ?" ብላ አትጠይቅም አሉኝ። ከዚህ ይልቅ ብትጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን የምጽፈውን እማማ እንዳልጽፍ አስምላኛለች። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ሦስት ቀን እጾምበታለሁ።

በየዓመቱ ማሽላው ከአውድማ ሲነሳ፣ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት ዘካውን ያወጣሉ። ከዚያ ላይ አንድ ጆንያ ለእማማ ይደርሳታል፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም። ዘንድሮ አልደረሰም። ለምን አትጠይቂውም አልኳት። "ዘካ አይለመንም" አለች። ረስቶ ይሆናል አልኳት። "እንድሪስ አይረሳም" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

እርስዎም በሁለቱም ደብዳቤዎ ስለ ዘካ አንዲት ቃል አልጻፉም። ማሾውን ጻፉ፤ ቀረጡን ጻፉ፤ ገመዱን ጻፉ።

እዚህ ዓርብ ዓርብ ሴቶችን የሚያስተምሩ ሼህ አሉ። የማን እንደሆነ ሳልናገር ጠየቅኋቸው። አንድ ነገር ላይ ምሎ ከዚያ የተሻለ ነገር ያየ ሰው የተሻለውን ይሥራ፤ ስለ መሐላውም አሥር ድሀ ያብላ አሉኝ።

ከዚህ በኋላ አልለምንዎትም። እስከ ዒድ መፍትሔ ካልተገኘ ኮንትራቴን አፍርሼ እመጣለሁ። ሁለት ዓመት የሠራሁት ይቀራል፤ ይቅር።

ዓፊያ

——

ባቲ፣ መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዓፊያ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የሮመዳን በረከት አይለፍሽ። ከየት እንደጻፍኩልሽ ከላይ አይተሽዋል። እናትሽ ቤት ነኝ። እሷና ሚስራ ደህና ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ቀጥሎ ያለውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጾሙ በገባ በአሥረኛው ቀን ነው። አንብቤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሼሁ ያሉት ልክ ነው፤ እኔም ካንቺ በፊት አውቀው ነበር። ዘካውንም እናትሽ እንዳለችው አልረሳሁትም። በመሐላው ማግስት ጉድጓዱን የዘጋሁት ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። መጀመሪያ የማለ መጀመሪያ ይዝጋ ብዬ ተጣደፍኩ። ጭቃው እጄ ላይ ሳይደርቅ ዘካው ውስጥ እንደቀረ ትዝ አለኝ። ወዲያው ልከፍት እችል ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት። ለአንቺ ስጽፍም እያወቅኩ ዘለልኩት። ወረቀት ጸሐፊውን ይዞ ይኖራል ያልኩሽ እኔው ነኝ፤ ይኸው ይዞኛል።

በማግስቱ ልከፍተው ተነሳሁ። ታዲያ ጉድጓድ በድብቅ አይከፈትም። ወራት የታፈነ አየር ሰው ይገድላል። አፉ ተከፍቶ ይውላል፤ ፋኖስ በርቶ ይወርዳል፤ ፋኖሱ ካልጠፋ ነው ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ የሚገባው። ከላይ ገመዱን የሚይዝ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ገመዱ ደግሞ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

ጀሚል ዘንድ ሄድኩ። ግራሩ ሥር ጋደም ብሎ ነበር። ገመዱን ለአንድ ቀን እፈልገዋለሁ አልኩት። ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ሳቅ እያፈነ፣ አባባ ሌላ ገመድ አምጥቼልዎ ማንም ሳያይ እንጨርሰዋለን አለኝ። እሺ ብለው ይቀለኝ ነበር። እንቢ አልኩት። በሰው ፊት የተወጠረ ገመድ በሰው ፊት ይፈታል፤ ሰዎቹን ጥራልኝ አልኩት።

ከዙሁር ሶላት በኋላ እዚያው መንገዱ ላይ ተሰበሰቡ። የማለ ሁሉ መጣ። ያልማሉትም ሴቶች መጥተው ከኋላ ቆሙ። ረጅም ነገር አልተናገርኩም። "ዘካውን ሳላወጣ ነው ጉድጓዴን የዘጋሁት። ላወጣው ነው። መሐላዬንም አፈርሳለሁ፤ ካሳውን እከፍላለሁ። ሊቀጣኝ የሚፈልግ ይቅጣኝ" አልኩ።

ሰው መሬት መሬት ያያል። የናቁኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጀሚል እግሩን እያየ፣

"እኔም" አለ።

"አንተም ምን?" አልኩት።

"እኔም ሳላወጣ ነው የዘጋሁት። አንቱ ሲዘጉ አየሁና ዘጋሁ።"

ከዚያ ሌላው እኔም አለ። ከዚያም ሌላው። ለካ የአውድማውን ድርሻ ያወጣ ከአራት ሰው አይበልጥም። አንዱ ሌላውን አይቶ፣ ሁሉም እኔን አይቶ።

ያን ጊዜ ነው ዑሙልኸይር ከሴቶቹ መሀል የወጣችው። ያችው አህያዋን ያዞርኩባት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"መንግሥት ያላረሰውን ወሰደብን ብላችሁ ማላችሁ" አለች። "የድሀን ድርሻ ከመሬት በታች የደፈናችሁት እናንተስ ምን ልትባሉ ነው? የሱ እንኳ ደረሰኝ አለው።"

የሳቀ የለም። ጀሚል ብቻ ወደ እኔ ዞሮ "ማል ጎና? ምን እናድርግ?" አለኝ።

የወሰንነው ሁላችንም ነን። ዘካ ይወጣል። ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለእህት፣ ለወንድም መብል የሚሄድ እህል ያልፋል። ለሽያጭ ከሚሄደው ማሽላና ጤፍም ለባቲና ለከሚሴ ድሀ የሚሆን በየሰኞውና በየገበያው ይወጣል፤ ዋጋውም የአምናው ነው፣ የሚጨምር ይወገዛል። ማሾ ግን አያልፍም። ቀረጡ የተጣለው በማሾ ነው፤ እምቢታችንም በማሾ ይሁን። ይህን ከመጀመሪያ ማየት ነበረብን። እኔ ነኝ ያላየሁት፤ ሹሙን ልነቀንቅ ዛፉን ስይዝ ወፎቹ እንደሚወድቁ አላሰብኩም።

ገመዱን ራሴ ፈታሁት። ፋኖሱ አልጠፋም። ጀሚል ገባ፤ እኔና የዑሙልኸይር ወንድም ያዝነው። ማሽላው ደህና ነው፤ ከግድግዳው የነካው ብቻ ጥቂት ጠቁሯል። ከአሥር አንድ እጁን ለዘካ ለይተን አወጣን። በማግስቱ መጀመሪያ ያለፈው የዑሙልኸይር አህያ ነው። ልጇ ሴት ልጅ ወልዳለች። አሥር ሰዓት ላይ ገመዱ ለማሾ ብቻ ተመልሶ ተወጠረ።

ቀጥሎ የመሐላዬ ካሳ ነበር። በመስጊዱ ለማፍጠሪያ አሥር ድሀ ላበላ አዘጋጀሁ። በእኛ መንደር ድሀ ነኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ማግኘት ግን ከማሾ ዋጋ ይከብዳል። ዘጠኝ ተገኘ። አሥረኛዋ እህቴ ናት ብዬ በልቤ ያዝኩና የዘካ ጆንያዋን በአይሱዙ ጭኜ በኮምቦልቻ በኩል ባቲ ወረድኩ።

እናትሽ በር ላይ አገኘችኝ። ጆንያውን አየች፤ እኔን አየች።

"ዘገየህ" አለች።

"ዘገየሁ" አልኩ።

ጆንያውን አስወርዳ በራሷ ቁና ሰፈረችው። ልክ ሆነ። ከዚያ ለማፍጠሪያ የሚሆን ምግብ ይዤላት እንደመጣሁ፣ የመሐላዬን ካሳ አሥረኛ ሰው እሷን እንዳደረግኳት ነገርኳት። ቁናውን አስቀመጠችው።

"እኔን አሥረኛ አድርገህ አትቁጠረኝ" አለች። "ይሄ ጆንያ ድርሻዬ ነው፤ አላህ የሰጠኝ ነው፤ አንተ አቆይተኸው ነበር እንጂ የሰጠኸኝ አይደለህም። ለመሐላህ ሌላ ድሀ ፈልግ።"

ተከራከርኩ። አልሆነም። እንደ እኔ ግትር ናት ብለሽ የጻፍሽው ስህተት ነው፤ ከእኔ ትበልጣለች። ማሽላውን ግን ያን ቀን ራሷ አስፈጭታ አምጥታለች። ሚስራ ከትምህርት ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳታወርድ "ምን አለ?" ብላ ጠየቀች። ይህን በተለይ እንድጽፍልሽ እናትሽ አዛኛለች።

ስለዚህ እስከ ሰኞ እዚሁ ነኝ። ሰኞ ገበያ ከቆላ የሚመጡት ይወጣሉ። ከእነሱ አንዱን፣ ፍየሉን ይዞ የሚመለሰውን፣ አሥረኛ ሰው አድርጌ ይዤው እመጣለሁ፤ ከእኛ ጋር ያፈጥራል። እናትሽ እሱንም እንግዳ ነው እንጂ ድሀ አይደለም እንዳትለኝ እፈራለሁ።

ኮንትራትሽን አታፍርሺ። ቀረጡ አልተነሳም፤ ማሾው እቤት ነው፤ ያ ህንድ ከሌላ አገር ያስመጣ ከሆነም ያስመጣ። የሳቀው ሹም ባለፈው ሳምንት ሳይስቅ ተመልሶ መጥቶ፣ የፈለግነውን በጽሑፍ እንድንሰጠው ጠይቋል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዋጋ መጠየቅሽን አትተዪ፤ በየወሩ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ያንቺ ደብዳቤ ምስክር ሆኖ ይያያዛል።

የጾምሽው ሦስት ቀን ተቀባይነት ያግኝ። ስለ እኔ ያፈረስሽው መሐላ ስለሆነ አንዱን ቀን እኔ ልጹምልሽ ብዬ ነበር፤ እናትሽ አይቻልም አለችኝ።

ገመዱን ጀሚል ይጠብቃል።

አጎትሽ እንድሪስ